ጥርስ ለመንቀል ቀን ይቆጠራል?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ጉንጯን በነጠላዋ ጥግ ሸፍና ቤቴ መጣች። ስንት ቀን ሲጠዘጥዛት የከረመው የታችኛው መንጋጋዋ አብጦ ፊቷን አጣሞታል። ጠዋት "ዛሬስ አስነቅዬው እገላገላለሁ" ብላ ነበር የወጣችው።

"ጋሼ፣ አልነቀሉልኝም" አለችኝ።

"ለምን?"

ዝም።

"ገንዘብ አነሰሽ?"

ዝም።

"ማደንዘዣ የለም አሉሽ?"

አሁንም ዝም። ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ የልጅቷን ዓይን አየችና ነገሩ ወዲያው ገባት። "አንተ ደግሞ፣ ተዋት እስቲ!" ብላ ተቆጣችኝ። ሃያ ዓመት ገደማ ተማሪ ፊት ቆሜ "ይህች ገጸ ባሕርይ በዝምታዋ ምን እያለችን ነው?" ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ ሶፋዬ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ዝምታ ማንበብ አቃተኝ።

ታሪኩን የሰማሁት ማታ ነው፤ ያውም በባለቤቴ በኩል፣ ያውም በሹክሹክታ። ልጅቷ ክሊኒኩ ደርሳ፣ ካርድ አውጥታ፣ ወረፋዋን ጠብቃ ወንበሩ ላይ ልትወጣ ስትል፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ጠጋ ብሎ "ፔሬድ ላይ ነሽ እንዴ?" አላት። "አዎ" አለች። "እንግዲያው ሳምንት ነይ። አሁን ከተነቀለ ደሙ አይቆምልሽም።" አለቀ። አፏን ከፍቶ ያየ የለም፤ ትኩሳቷን የለካ የለም። የካርዱን ገንዘብ ግን የመለሰላት የለም። ለገንዘብ ቀን አይቆጠርም።

ሳምንቱን አልደረሰችም። ቅዳሜ ሌሊት ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት፤ እሑድ ጠዋት አፏ ማንኪያ እንኳ አላስገባ አለ። አክስቷ "አረቄ ትጉመጥመጥበት" ስትል፣ ጎረቤት "ጤና አዳም ትያዝበት" ስትል፣ እኛ ታክሲ ይዘን ከክሊኒክ ክሊኒክ ስንዞር፣ አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ተረኛ ሆና አገኘናት። አየቻት፣ ጥቂት ነገር ጠየቀቻት፣ መግሉን አፈሰሰች፣ ብዙ ታግላ ጥርሱን ነቀለችው፣ መድኃኒት አዘዘች። ደሙስ? የተጠቀለለ ፋሻ ነክሳበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቆመ። "ለምን እስከዚህ ቆያችሁ?" ብላ ስትጠይቀን እኔና ባለቤቴ ተያየን። እውነቱን የተናገረችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ ባበጠ አፏ። ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች "ደሙ የሚቆመው አፍ ውስጥ ነው እኮ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ግን እጨምራለሁ። "በዚህ ዕድሜህ ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ልትጽፍ?" ያለኝ ወዳጄም ይስማ። ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹን ባልጎዳ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ስለ ሌላው ሰውነት እየወሰነ፣ ባለቤቷ አፍራ፣ ወሳኙ ሳያውቅ፣ ሁሉም በሹክሹክታ ሲስማማ፣ ይህ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ይህን ነገር የክሊኒኩ ሰውዬ ከልቡ አፍልቆት ቢሆን ስድብ ጽፌ ባለፍኩ። ግን አይደለም። ከእሱ የበለጡ ብዙ የተማሩ ሰዎች ተሳስተውበታል። የፈላስፎች አለቃ የምንለው አርስቶትል ወንድ ከሴት ይልቅ ብዙ ጥርስ አለው ብሎ ጽፏል። በርትራንድ ራስል እንደቀለደበት፣ ሰውዬው ሁለት ጊዜ አግብቶ አንድ ቀን እንኳ "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" ብሎ አልቆጠረም። የሮማው ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ስትቀርብ አዲስ የወይን ጠጅ ይኮመጥጣል፣ መስታወት ይደበዝዛል፣ የብረት ስለት ይዶለድማል፣ ንብ ይሞታል ይላል። "የጥንት ሰው ነው፣ ይቅር ይባል" እንበል። እ.ኤ.አ. በ1920ስ? የዲፍቴሪያን ምርመራ ለዓለም ያበረከተው የቪየናው ሐኪም ቤላ ሺክ፣ የቤት ሠራተኛው በወር አበባዋ ቀን የያዘቻቸው አበቦች ጠወለጉ ብሎ፣ ከሰውነቷ የሚወጣ መርዝ አለ ሲል ጻፈ። መርዙንም "ሜኖቶክሲን" ብሎ ስም አወጣለት። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያን መርዝ ዐሥርተ ዓመታት ፈለጉት። መርዙ የለም። እኛ አገር ግን ነገሩ ራሱ "የወር አበባ" ይባላል። ቋንቋችን አበባ ያለውን፣ ሳይንስ በአንድ ወቅት አበባ አጠውላጊ ብሎታል። ቋንቋ አንዳንዴ ከሐኪም ይቀድማል።

ቋንቋችንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ሊቃውንቱ "ልማደ አንስት" ይሉታል፤ እናቶቻችን "ግዳጅ"፤ ሌላው "አደፍ"፤ የከተማ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ሸሽቶ "ፔሬድ" አለው። የእንግሊዝኛ ቃል አፍ ላይ ሲወጣ አያሳፍርምና። አንድን ነገር በአራት ስም እየጠራን ስለሱ ግን በአንዱም ስም አንነጋገርም። ልጅቷ በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ይህ የእምነት ሥርዓት ነው፣ የሚመለከተው ምእመኑንና አባቶችን ነው። ቤተ እስራኤላውያንም ገና በኢትዮጵያ መንደሮቻቸው ሳሉ ሴቶቻቸው እነዚያን ቀናት በተለየ ጎጆ ያሳልፉ ነበር። ይህን ሁሉ የማነሣው ልንቅ አይደለም። የምቃወመው ሥርዓቱ ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ፣ ጋውን ለብሶ፣ ጉጠት ይዞ ክሊኒክ ሲቀመጥ ነው። ክሊኒክ ቤተ መቅደስ አይደለም። እዚያ የሚያስገባው ሕመም ነው።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ። በወር አበባ ጊዜ የሚፈሰው ደም፣ የሴቲቱ ደም መርጋት ስላቃተው የሚፈስ አይደለም። ሆርሞኖቿ ሲቀንሱ የማሕፀን ውስጠኛው ሽፋን ይፈራርሳል፤ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ በጠቅላላው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። በዚያው ሰዓት ጣቷን ቢላ ቢቆርጣት ደሙ እንደ ሌላው ቀን ይረጋል። የትኛዋም ሴት ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ ይህን አይታዋለች። ሽንኩርት ለመክተፍ ቀን የሚቆጥርላት ስላልነበረ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ። ሳይንሱ ስለ ጥርስ መንቀልና ስለ ወር አበባ የሚለው ነገር አለው፤ የሚለው ግን የሰውዬውን ተቃራኒ ነው።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ክዳን ነው፤ አጥንቱን ይሸፍናል፣ ቁስሉ ከሥሩ እንዲሽር ያደርጋል። አንዳንዴ ይህ ክዳን ጊዜው ሳይደርስ ይሟሟል ወይም ይወድቃል። ያን ጊዜ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን፣ ሰውዬው "ተገላገልኩ" ባለበት ሰዓት፣ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይነሣል፤ አፍ ይሸታል። ሐኪሞች "ድራይ ሶኬት" ይሉታል፤ የደረቀ ጉድጓድ እንደማለት። ስሙ በሕክምና ጽሑፍ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በተራ ነቀላ ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ አምስቱን ይይዛል፤ ታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲነቀል ግን ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በአንዳንድ ጥናቶች እስከ ሠላሳ ደርሷል።

በብዙ ጥናቶች ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል፤ በተለይ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱትን። ጥርጣሬው ያረፈው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ላይ ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟውን የሰውነት ሥራ ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ክኒን የምትወስድ ሴት ጥርሷ ከክኒኑ ዙር በ23ኛውና በ28ኛው ቀን መካከል፣ ማለትም ሆርሞን ያለበትን ክኒን በማትወስድባቸው ቀናት ቢነቀል አደጋው ይቀንሳል አለ። እነዚያ ቀናት ደግሞ ደም የሚመጣባቸው ቀናት ናቸው! እ.ኤ.አ. በ2013 በኢራን፣ በማሽሃድ የተሠራ ሌላ ጥናት የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ያስነቀሉ ሴቶችን ተከተለ። ድራይ ሶኬት በወር አበባቸው ሰሞን ካስነቀሉት ይልቅ በዙሩ አጋማሽ ያስነቀሉት ላይ በረከተ፤ ክኒን የሚወስዱትም የማይወስዱትም ላይ። ስለዚህ አጥኚዎቹ የሚመክሩት፣ ቀጠሮ ማስያዝ ከተቻለ፣ በወር አበባ ጊዜ እንዲሆን ነው።

እንግዲህ ያ ጋውን የለበሰ ሰው "ሳምንት ነይ" ሲላት፣ ሳያውቀው ከደህናው ቀን ወደ ባሰው ቀን እየላካት ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለካ ለጋውንም ይሠራል።

ይህን ዋሽንግተን ለሚኖር የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ አጫወትኩት። ደስታው ወሰን አጣ። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። "ሕግ አውጡዋ! ሴት ሁሉ ጥርሷን በወር አበባዋ ቀን ታስነቅል። ሳይንስ ነው!" ወዳጄ የተማረ ሰው ነው፤ ስለዚህም የበለጠ አስፈራኝ። ሰውዬው ቀን ቆጥሮ መለሳት፤ ወዳጄም ቀን ቆጥሮ ሊጠራት ነው። ሁለቱም ካሌንደሩን ያያሉ፣ ጥርሱን ያየ የለም።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል፤ ከጥናትም ይገኛል። እነዚህ ጥናቶች በአመዛኙ የሚናገሩት ሳያጣድፍ በቀጠሮ ስለሚወጣ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ነው፤ መግል ስለያዘ ጥርስ አይደለም። የ1980ው ጥናት ዘመን ክኒኖች ከዛሬዎቹ ይልቅ ብዙ ኤስትሮጅን ነበራቸው። ከዚያም በላይ፣ ዙሩ እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ሴት ስንት ናት? እኛ አገር ደግሞ በብዛት የሚወሰደው መከላከያ ክኒኑ ሳይሆን የሦስት ወሩ መርፌ ነው። መርፌው ውስጥ ኤስትሮጅን የለም፤ የብዙዎችንም የወር አበባ ያዛባል ወይም ጨርሶ ያስቀራል። የወዳጄ ሕግ ቢወጣ እነዚህ ሴቶች ጥርሳቸውን መቼ ሊያስነቅሉ ነው? በጳጉሜን?

እና ቀን አይረባም ማለቴ ነው? አይደለም። ጤነኛ ሴት፣ የማያጣድፍ ጥርስ፣ ቀጠሮ የማስያዝ ዕድል ካላት፣ "በዙርሽ አጋማሽ ባይሆን ይሻላል፤ ክኒን የምትወስጂ ከሆነም ሆርሞን በሌለበት ሳምንት እናድርገው" የሚል ሐኪም ብታገኝ ደግ ነው። ምክር ነው፣ ደግሞም የራሷ ምርጫ ነው። ነገር ግን ከቀኑ በፊት ብዙ የሚቀድም ነገር አለ። ሲጋራ ታጨሻለሽ? ጥርሱ አስቸጋሪ ነው ወይ? ነቃዩ ልምድ አለው ወይ? ከተነቀለ በኋላስ በመጀመሪያው ቀን አፏን በኃይል እንዳትጉመጠመጥ፣ እንዳትተፋ፣ በስትሮ እንዳትጠጣ የነገራት አለ? ይህን ምክር በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ማጣበቂያ ይበቃል።

ሐኪምም ስለ ወር አበባ ፈጽሞ አይጠይቅ አልልም። እንዲያውም ይጠይቅ! ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1926 የፊንላንዱ ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ከባልቲክ ባሕር ደሴቶች በመጣ አንድ ቤተሰብ ላይ የደም አለመርጋት በሽታ እንዳገኘ ጻፈ። መጀመሪያ ያያት ልጅ በአምስት ዓመቷ ወደ እሱ መጥታ ነበር፤ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ፣ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ በሽታ በዘር ከሚተላለፉ የደም መፍሰስ በሽታዎች ሁሉ የተለመደው ነው። ሴት ላይ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የበዛ የወር አበባ ነው፤ ሌላው ደግሞ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የማይቆም ደም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ፔሬድ ላይ ነሽ እንዴ?" አይደለም። "የወር አበባሽ ይበዛል? ከሳምንት በላይ ይቆያል? ሳትመቺ ሰውነትሽ ይበልዛል? ከዚህ በፊት ጥርስ አስነቅለሽ ደም አስቸግሮሽ ያውቃል? አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ነው። ያቺ የእሑዷ ሐኪም የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ጠየቁ፤ አንዱ ሊያባርራት፣ ሌላዋ ልታክማት።

በመጠበቅ የሚመጣውን ደግሞ እንይ። የታችኛው መንጋጋ መግል ሥሩን ሰብሮ ከምላስ በታች ወዳለው ሥጋ ሲዘልቅ አንገት ያብጣል፣ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎታል። ስሙን ከእሱ ወርሶ እስከ ዛሬ ሰው ይገድላል። የእህቴ ልጅ ታክሲ የያዘላት ሰው ነበራት፤ ያለችውም አዲስ አበባ ነው። ከገጠር በእግርና በአውቶቡስ መጥታ፣ በሬ ሸጣ ወይም ከዕድር ተበድራ፣ "ሳምንት ነይ" የተባለችው ሴትስ? የጥርስ ሐኪም ያለው በትልልቅ ከተሞች በሆነበት አገር አንድ ሳምንት ማለት ሌላ መሳፈሪያ ነው፣ ሌላ ማደሪያ ነው፣ ቤት የቀሩ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ አይመለሱም። ያልተመለሰችውን "ተሽሏት ነው" ብሎ የሚመዘግብ መዝገብ ያለን ይመስለኛል።

እኛ እኮ ለጥርስ ቀን መቁጠር የጀመርነው ትናንት ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው "ግግ ነው" ብለን፣ ገና ያልበቀለ ጥርሱን ከድዱ ውስጥ ባልተቀቀለ ስለት ስናስፈለቅቅ ኖረናል፤ አሁንም አልተውንም። ለዚያ ቀን አልቆጠርንም። ያልበቀለውን ጥርስ በማንኛውም ቀን እናወጣለን፤ የበሰበሰውን ለመንቀል ግን የሴቲቱን ወር እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ተናዝዤ ልጨርስ። ጣቴን ወደ ክሊኒኩ ብቻ ቀስሬ ብቀር ግብዝነት ይሆንብኛል። በማስተምርበት ዘመን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ቀን ቢሮዬ መጥታ "አሞኛል መምህር፣ ነገ ልፈተን?" አለችኝ። "ምንሽን?" አልኳት። መሬት መሬት አየች። "ማስረጃ አምጪ" አልኳት። ወጣች፤ ማስረጃም አላመጣች፤ ውጤቷ ኤፍ ሆነ። የእኔና የዚያ ጋውን ለባሽ ልዩነት ምንድን ነው? እሱ ጠይቆ የተሳሳተ መልስ ሰጠ፤ እኔ መልሱ ፊቴ ቆሞ ሳለ ጠየቅኩ። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ብነግራት ኖሮ በአንድ ቃል ታስረዳኝ ነበር። አልነገርኳትም። የሚነገር ነገር መሆኑንም አላወቅኩም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። ለበሽታ እውነት ነው። የወር አበባ ግን በሽታ አይደለም፤ ደብቀነው ነው ሕመም ያደረግነው። የእህቴ ልጅ አሁን ደህና ናት። ሁለተኛው የመጨረሻ መንጋጋዋም መውጣት አለበት ተብላ ቀጠሮ ይዛለች። ቀኑን ራሷ መርጣ፣ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ነው ያስያዘችው። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ "ጋሼ፣ የወር አበባዬ የሚመጣበት ሰሞን ነው የቀጠሩኝ፤ ታክሲ ትይዝልኛለህ?" አለችኝ። አክስቷ ጉርሻዋን አፏ ላይ አቁማ አየቻት፤ ባለቤቴ ሳቀች።

"እይዝልሻለሁ" አልኳት። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።